ግድብን የሚያፈርሰው ዕድሜው ነውን?

ስለ ግድብ በተነሣ ቍጥር የሁላችንም ልብ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ማለቂያ ስለ ተመረቀው ስለዚያ ታላቅ ሥራ ያልተጨዋወተ ተማሪ፥ ከደመወዙም ያላዋጣ የመንግሥት ሠራተኛ አይገኝም ማለት ይቻላል። ዛሬ በዚህ ዐምድ ላጫውታችሁ ያሰብሁት ግን ስለ ትልቁ ሳይሆን ስለ ትንንሾቹ ነው፤ በካርታ ላይ ስለማይገኙት፥ ከብት ስለሚጠጣባቸውና ልብስ ስለሚታጠብባቸው፥ ከዐፈርና ከድንጋይ ተከምረው ሃያና ሠላሳ ዓመት ስለ ቈዩት የገጠር ግድቦች ነው።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ዐፈር ውኃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃም በጎርፍ ይሄዳል፤ ታዲያ የዐፈር ግድብ እንዴት ብሎ ውኃ ይይዛል?» ይላሉ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በደንብ የተሠራ የዐፈር ግድብ በመካከሉ የተጠቀጠቀ የሸክላ ዐፈር አለው፤ ውኃ በዚያ ውስጥ የሚያልፈው እጅግ በዝግታ ነው። ከሸክላው በስተኋላ አሸዋና ጠጠር በየተራው ይነጠፋል፤ የዚህም ተግባር የሾለከውን ውኃ አሳልፎ የዐፈሩን ቅንጣት ማስቀረት ነው፤ ጠላ ሲጠለል ማጥለያው አተላውን እንደሚያስቀረው ማለት ነው። ማዕበሉ በሚመታው በፊት ለፊቱ ደግሞ ድንጋይ ይደረደራል። ስለዚህ የዐፈር ግድብ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያልበዋል። እንስራም እኮ ያልበዋል፤ ስላላበው ግን ተሰበረ አይባልም።

የዐፈር ግድብ ፈጽሞ የማይችለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ውኃ በዐናቱ ላይ ማለፉ ነው። የድንጋይና የሲሚንቶ ግድብ ውኃ በላዩ ቢፈስስበት ሊቋቋም ይችል ይሆናል፤ የዐፈሩ ግን በጀርባው በኩል እየተሸረሸረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይናዳል። ስለዚህ በጎኑ የትርፍ ውኃ ማፍሰሻ ይበጅለታል፤ ይህ ማፍሰሻ የግድቡ ነፍስ ነው ብል አላጋነንሁም። ሁለተኛው በውስጡ የሚሾልከው ውኃ ዐፈሩን ይዞ መውጣት ሲጀምር ነው። ጥርት ያለ ውኃ ከሥሩ ቢመነጭ ላብ ነው፤ ድፍርስ ውኃ ከመነጨ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው፤ ቀዳዳው በየሰዓቱ ይሰፋል።

ለዚህ ደግሞ ማርጀት አያስፈልገውም። በአሜሪካ በአይዳሆ ክፍለ ሀገር ቲተን የሚባል፥ ቁመቱ 93 ሜትር ያህል የሆነ፥ በዘመናዊ መሐንዲሶች የተሠራ አዲስ የዐፈር ግድብ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ በመሙላት ላይ ሳለ፥ ጧት ድፍርስ ውኃ ከጀርባው ሲፈልቅ ታየ። ቀዳዳውን እንዲደፍኑ ሁለት ቡልዶዘሮች ተላኩ፤ ሁለቱም ተዋጡ። እኩለ ቀን ሲሆን ግድቡ ተናደ፤ 11 ሰዎችም ሞቱ። እንግዲህ ሰው «አሮጌ ስለ ሆነ ነው የፈረሰው» ሲል በሰማሁ ጊዜ ይህን ሕፃን ግድብ አስታውሳለሁ። የእኔ አስተያየት ሌላ ነው፤ ያረጀ ግድብ የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ ዓላማው ሲጠፋና ባለቤቱ ሲጠፋ ነው። ይህንንም የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

በዚያው በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር ጆንስታውን የምትባል፥ ሕዝቧ በብረት ማቅለጥ ሥራ የሚኖር ከተማ ነበረች፤ ዛሬም አለች። ከከተማዋ በላይ ወደ 23 ኪሎ ሜትር ርቆ፥ በተራሮች መካከል፥ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የዐፈር ግድብ ተሠርቶ ነበር፤ ቁመቱ 22 ሜትር፥ ርዝመቱ 284 ሜትር ያህል ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ሥራውን በ1838 ጀምሮ፥ ገንዘብ ሲያጥረው እየተወ ሲያገኝ እየያዘ፥ በ1853 ጨረሰው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የንግድ ዕቃ በጀልባ የሚጓዝበት ሰው ሠራሽ ቦይ ስለ ነበረ፥ ዝናብ ባጠረ ጊዜ ቦዩ እንዳይደርቅ ውኃ ማጠራቀም ነው። ነገር ግን ባቡር ቀደመው። ከፊላዴልፊያ እስከ ፒትስበርግ ያለው ሐዲድ በ1852 ስለ ተገናኘ ዕቃውን በጀልባ የሚጭን ነጋዴ እየጠፋ ሄደ፤ ግድቡም ገና በተወለደ ጊዜ ሥራ ፈት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የወላጅ አልባ ልጅ ታሪክ ይመስላል። በ1857 መንግሥት ቦዩን ከነግድቡ ለባቡር ኩባንያው ሸጠ፤ ኩባንያውም ለግድቡ ጕዳይ አልነበረውም። በ1862 ከሥሩ ያለው የድንጋይ ፈሳሽ ማውጫ ተደርምሶ ግድቡ ተሸነቈረ፤ ሐይቁ ጎድሎ ስለ ነበር ብዙ ጕዳት አላደረሰም፤ ጠግኖ የመለሰውም የለም። በ1875 አንድ የቀድሞ የባቡር ኩባንያ ሹም ገዛው። ከግድቡ ሥር፥ ሐይቁ ሲሞላ ተከፍተው ውኃውን የሚያጐድሉ አምስት የብረት ቧንቧዎች ነበሩ፤ ይህ ሰው ቧንቧዎቹን አስነቅሎ ብረታቸውን እንደ ሸጠ ይነገራል። ከዚያም በ1879 እርሱም በተራው ሸጠው።

አዲሱ ባለቤት የፒትስበርግ ባለጸጎች ያቋቋሙት የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ ነበር፤ ከአባሎቹም መካከል አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ፍሪክ ይገኙበት ነበር። ዓላማውም ተለወጠ፤ ከእንግዲህ ውኃው የሚፈለገው ለመዝናኛ ነው። ክለቡ የተሸነቈረውን ቦታ በድንጋይና በጭቃ፥ በቅርንጫፍና በገለባ አስሞላው፤ የተነቀሉትን ቧንቧዎች ግን አልመለሰም። ሠረገላ በግድቡ ዐናት ላይ እንደ ልብ እንዲያልፍ ሲባል ዐናቱ ዝቅ ተደረገ። ለዓሦቹ ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው ነበርና እንዳያመልጡ በትርፍ ውኃ ማፍሰሻው ላይ የብረት ወንፊት ተደረገበት። አንባቢ ሆይ፥ እያንዳንዱን ለብቻው ብታየው ትንሽ ነገር ነው። መንገድ ማስፋት ምን ክፋት አለው? ዓሣ መጠበቅስ?

በታች ያሉት ሰዎች አልተኙም ነበር። በ1880 የጆንስታውን የብረት ፋብሪካ ኀላፊ ዳንኤል ሞሬል፥ ጆን ፉልተን የሚባለውን መሐንዲሱን ልኮ ግድቡን አስመረመረ። ፉልተንም ሐይቁን ለማጕደል የሚያስችል ምንም መውጫ እንደሌለና ጥገናው እንደ ሥርዓቱ እንዳልተሠራ በጽሑፍ አስታወቀ። ሞሬል «ለጥገናው ወጪ ፋብሪካችን ይረዳል» እስከማለት ደረሰ። ከክለቡ የመጣው መልስ ግን የእኛ ሥራ ለእናንተ አደጋ የለውም የሚል ነበር። ደብዳቤው ከደብዳቤ ጋር ታሰረ፤ ሞሬል በ1885 ሞተ፤ ያን መልስ የሰጠው የክለቡ ፕሬዚዳንትም በ1887 ሞተ። ግድቡ ግን ቈየ።

ሜይ 30 ቀን 1889 ማታ የጀመረው ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ጧት ሐይቁ በዐይን እያዩት ይወጣ ነበር። የክለቡ ሹምና ጥቂት የቀን ሠራተኞች በማረሻና በአካፋ ዐናቱን ከፍ ለማድረግ፥ በሌላ በኩል አዲስ ማፍሰሻ ለመቈፈር፥ በጥራጊና በግንድ የተደፈነውንም ወንፊት ለማጥራት ደከሙ። ጆን ፓርክ የሚባል ወጣት መሐንዲስ በፈረስ እየጋለበ ወደ ታች መንደር ወርዶ ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ ወሬውም በቴሌግራፍ ወደ ጆንስታውን ተላለፈ። ነገር ግን የከተማው ሰው «ግድቡ ሊፈርስ ነው» ሲባል በየጊዜው ሰምቶ ስለ ለመደው ብዙው ከቤቱ አልተነሣም። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ውኃው ዝቅ ባለው ዐናት ላይ አልፎ ግድቡን ናደው። 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሲሆን ዛፉን፥ ቤቱንና የባቡር ፉርጎውን እያንከባለለ ከተማዋ ደረሰ። የተጠራቀመው ፍርስራሽ በድንጋዩ የባቡር ድልድይ ላይ ተከምሮ በእሳት ተያያዘ፤ ከጎርፉ የተረፉ ሰዎች በእሳቱ ሞቱ። የሟቾች ቍጥር 2,209 ተብሎ ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ የተነሡት የካሣ ክሶች አልተሳኩም፤ የውኃው ኀይል የፈጣሪ ሥራ ነው ተባለ። በ1891 የወጣው የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ኮሚቴ መግለጫም፥ ዐናቱ ዝቅ ባይልም እንኳ ግድቡ በዚያ ዝናብ መፍረሱ አይቀርም ነበር አለ። በ2016 የታተመ አዲስ ጥናት ግን ስሌቱን እንደገና ሠርቶ፥ ግድቡ መጀመሪያ እንደ ተሠራው ቢሆን ኖሮ ያን ውኃ ማሳለፍ ይችል እንደ ነበር ገለጸ። ይህን ለመስማት ሕዝቡ 125 ዓመት ጠበቀ። ተማሪዎች ሆይ፥ ትልልቅ ሰዎች የፈረሙበትን ስሌት እንደገና መሥራት ነውር እንዳልሆነ ከዚህ ተረዱ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ምሳሌ ለኛ ቅርብ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን፥ በማሪብ፥ ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠራ የዐፈር ግድብ ነበር፤ ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር፥ ቁመቱ 15 ሜትር ያህል። ተግባሩ ውኃን ለዓመት ማጠራቀም አልነበረም፤ የዝናቡ ወራት ጎርፍ ሲመጣ ከፍ አድርጎ በግራና በቀኝ ወዳሉት እርሻዎች መምራት ነበር። ይህ ግድብ ደጋግሞ ተሰብሯል። ከተሰበረባቸው ጊዜያት አንዱ በስድስተኛው መቶ ዓመት፥ ከአክሱም ጦር ጋር ተሻግሮ በኋላ በዚያ አገር የነገሠው አብርሃ በሚገዛበት ዘመን ነው። (ይህ አብርሃ ከአጽብሃ ወንድም ከአብርሃ ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ በመካከላቸው ሁለት መቶ ዓመት አለ።) አብርሃ ግድቡን ማስጠገኑን በ548 ገደማ በድንጋይ ላይ አስጽፎ ትቷል፤ ጽሑፉም ሕዝቡ ለሥራው መጠራቱን፥ በሽታ ቢገባባቸው ወደየቤታቸው መሰናበታቸውን፥ ኋላም ተመልሰው ሥራውን መፈጸማቸውን ይናገራል። ማሪብ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረው የማይሰበር ስለ ነበር አይደለም፤ ከእርሱ የሚበላ ሕዝብና «ኑ፥ ጠግኑ» የሚል ገዢ ስለ ነበረው ነው። ከአብርሃ በኋላ ብዙም ሳይቈይ፥ በዚያው መቶ ዓመት፥ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰበር የሚጠግነው አልተገኘም፤ እርሻውም በረሓ ሆነ።

ይህ የጥንት ነገር ነው የሚል ካለ የሊቢያዋን ደርናን ያስታውስ። እዚያ የነበሩት ሁለት ግድቦች በ1970ዎቹ የተሠሩት ከተማዋን ከጎርፍ ለመጠበቅ ነበር። አገሪቱ በጦርነት ተከፋፍላ ጥገናው ተረሳ፤ በሴፕቴምበር 2023 በአንድ ሌሊት ሁለቱም ተሰብረው በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ባሕር ተጠረገ። በ2024 ፍርድ ቤት ዐሥራ ሁለት ባለሥልጣኖችን በእስራት ቀጣ። ጕዳዩ በአንድ ወቅት በአንዱ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ፋይል ሆኖ ተቀምጦ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ወደ አገራችን ስመለስ፥ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይም በአማራም ክልል ለመስኖ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ የዐፈር ግድቦች ብዙ ናቸው። የድርቁ ዘመን ትዝታ ያሠራቸው ናቸውና የሠሩትን ሰዎች አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ግን አስቸገራቸው፤ ደለልና ስርገት። ደለሉ ከታረሰው ተራራ እየወረደ የውኃውን ቦታ ወሰደ። ብዙ ሰው «በደለል የሞላ ግድብ ውኃ ስለማይዝ አደጋ የለውም» ይላል፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም። ባዶ ቦታ የነበረው ግድብ ድንገተኛውን ጎርፍ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይለቅቀው ነበር፤ የሞላው ግን የመጣለትን ሁሉ ወዲያው ወደ ማፍሰሻው ይልካል፤ ማፍሰሻውም ጠብቦ ከሆነ የቀረው መንገድ በዐናቱ ነው።

ስርገቱ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። መሐንዲሱ ውኃው ሾለከ ብሎ ሲያዝን፥ በታች ያለው ገበሬ ጕድጓድ ቈፍሮ ያንኑ ውኃ እያወጣ ሽንኵርት የሚያለማበት ስፍራ አለ። እንግዲህ የግድቡ ዓላማ ሞተ ማለት አይቻልም፤ ከቦዩ ወደ ጕድጓዱ ተዛወረ እንጂ። ዓላማው መለወጡን ግን በጽሑፍ ያሰፈረ ስለሌለ፥ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ «የመስኖ ግድብ፥ አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ ይቀመጣል፤ አገልግሎት ለማይሰጥ ነገር ደግሞ የጥገና በጀት ማን ይይዝለታል?

በማስተምርበት ከተማ አጠገብ እንዲህ ያለ አንድ ግድብ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ባለፈው ግንቦት ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ሄደን በገመድ ለካነው። ግድቡ ሲሠራ በምግብ ለሥራ ድንጋይ የተሸከሙ አንድ ሽማግሌ በዚያው ከብት ሲያጠጡ አገኘናቸውና «አባባ፥ ይህ ግድብ የማን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «የመንግሥት ነው እንጂ፥ ልጄ» አሉ። በወረዳው ያገኘነው ሹም ደግሞ «ግድቡ የኅብረተሰቡ ነው» አለን። ሁለቱም አክብረው ለሌላው ሰጡት። ያሠራው መሥሪያ ቤት ከፈረሰ ቈይቷል፤ ውኃውን ያከፋፍሉ የነበሩት የውኃ አባት ካረፉ ወዲህ በምትካቸው የተመረጠ የለም። ከግድቡ በታች ግን ሲሠራ ያልነበረ መንደርና የቅዳሜ ገበያ በቅሏል።

ከሥሩ የሚመነጨውን ውኃ በብርጭቆ ቀድተን አየነው፤ ጥርት ያለ ነው፤ በዚህ ተደሰትን። በጀርባው ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ይህ ጥሩ አይደለም፤ የዛፍ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል፥ ዛፉ ተቈርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ለውኃ ቀዳዳ ይተዋል፤ ስለዚህ መሐንዲስ ሳያዩት ዝም ብሎ መቍረጥም አይገባም። የከፋው ማፍሰሻው ነው። የሚሠራበትን ወርድ የሚያውቅ ስላልነበረ እኛ ከድንጋዩ ግንብ እስከ ግንብ ለካን፤ 12 ሜትር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 7ቱን ሜትር አንድ ገበሬ በድንጋይ አጥሮ በቆሎ ዘርቶበታል። ሰውየውን ክፉ ነው አልልም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውኃ ሲያልፍበት ያየው ጥቂት ክረምት ብቻ ነው፥ መሬትም የለውም። አጥሩን እንዲያነሣ ብንለምነው «በቆሎውን ልሰብስብና አነሣዋለሁ» አለን። በቆሎው የሚሰበሰበው በኅዳር ነው፤ ጎርፉ የሚመጣው በሐምሌ።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው የወረዳው የግብርና ባለሙያ ልኬታችንን ተቀብሎ በደብዳቤ አደረገው፤ አንዱን ለዞኑ የውኃ መሥሪያ ቤት፥ አንዱን ለወረዳው፥ አንዱን ለቀበሌው ሊቀ መንበር፥ ቍጥርና ቀን አስገብቶ። ከዚያም ደብዳቤውን ልኮ አልተቀመጠም፤ በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሽማግሌዎቹን አነጋገረ። እነርሱም ገበሬውን ጠርተው፥ በግድቡ ራስ በኩል ደለሉ ከሠራው መሬት በልኩ ሰጡትና አጥሩ ሰኔ ሳይገባ ተነሣ። ከዞኑ መሐንዲስ ይመጣል ተብሎ እየተጠበቀ ነው። ባሕር ዛፎቹ ግን እንደ ቆሙ ናቸው፤ ማን እንደ ተከላቸው ይታወቃል፥ የማን እንደ ሆኑ ግን እስካሁን በመጠየቅ ላይ ነው።